ታለቅሳለች ወይ ላልሽኝ

ማሂዬ፣ ልጄ፣

እንደምን ነሽልኝ? እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ባለፈው ስለ ባሕር ኤሊዋ ስነግርሽ ኔትወርኩ ተቆረጠ። «እውነት ታለቅሳለች?» እንዳልሽኝ ቀረ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ፋታ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ማዳም ልጆቿን ይዛ ራስ አል ጂንዝ ስትሄድ እኔንም ወሰደችኝ። ከሙስካት በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ የኦማን ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ከ1996 ጀምሮ ለኤሊዎቹ ተብሎ በሕግ የተከለለ ባሕር ዳርቻ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አስጎብኚው በጨለማ ይዞን ወረደ። መብራት የለ፣ ወሬ የለ። ኤሊዋ ከባሕር ስትወጣ ብርሃን ካየች እንቁላሏን ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች።

እማማ ጓሮ የምትመጣዋን ኤሊ ታውቂያታለሽ። ይቺኛዋ ግን ጀርባዋ ብቻ አንድ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ ትመዝናለች፤ ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጉም አሉ። አረንጓዴ የባሕር ኤሊ ይሏታል፣ ቅርፊቷ ግን ቡናማ ነው። አረንጓዴው ከቆዳዋ ሥር ያለው ስቧ ነው። ካደገች በኋላ ባሕር ውስጥ የሚበቅለውን ሣር እንደ ላም ትግጣለች።

አቆፋፈሯን ብታዪ! የኋላ መቅዘፊያዎቿን እንደ ጭልፋ እያጠፈች፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አሸዋውን ታወጣለች። ዞራ አታይም፤ በዳሰሳ ነው። እንቁላል መጣል ስትጀምር ሰው ቢጠጋም ብዙ አትደነግጥም። ያኔ ነው አስጎብኚው በደብዛዛ መብራት ያስጠጋን። ነጭ፣ ክብ፣ የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚመስሉ። ወደ መቶ ይሆናሉ።

በጎን ብቅ ብዬ ፊቷን አየሁ። ከዓይኗ ወፍራም እንባ ይወርዳል። ምጥ መስሎኝ አንጀቴ ተላወሰ። አስጎብኚው ግን ጨው ነው አለን። የምትኖረው በጨው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ሰውነቷ የተረፈውን ጨው በዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ ያስወጣል። ባሕር ውስጥም ያው ነው፤ እዚያ ማን ያይላታል? ስለዚህ ማሂዬ፣ እሷ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ጉድጓዱን ደፍና ሄደች። ጫጩቶቹ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ። የሚገርመኝ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ሞቅ ካለ ሴት፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ። ምድር እየሞቀች ስትሄድ ይህ ያሳስባል። አውስትራሊያ፣ ታላቁ የኮራል ሪፍ በሚሉት የባሕር ውስጥ አለት ሰሜናዊ ክፍል በሚፈለፈሉት ላይ ሲጠና፣ ካላደጉት ከመቶው 99ኙ ሴት ሆነው ተገኙ። ወንድ ከየት ይመጣል?

ጫጩቶቹ በሌሊት ይወጡና ደመቅ ወዳለው አቅጣጫ ይሮጣሉ። ድሮ የሚደምቀው ባሕሩ ብቻ ነበር። አሁን የከተማ መብራት ያሳስታቸዋል። ቀበሮው፣ ሸርጣኑ፣ ወፉም ይጠብቃቸዋል። ከሺዎቹ ለወላጅነት የሚበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚያም 25 ወይም 30 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከዚያ ሴቷ የምድርን መግነጢስ ተከትላ ወደተወለደችበት አካባቢ ትመለሳለች። እኔ ያየኋት ኤሊ የተፈለፈለች ጊዜ ምናልባት እኔም እንዳንቺ ልጅ ነበርኩ፤ ባሕርን በሥዕል እንኳ አላየሁም ነበር።

ደስ የሚል ወሬም አለ። በ2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አረንጓዴ የባሕር ኤሊን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ምድብ አውጥቷታል። በየአገሩ ለአሥርት ዓመታት ሌሊት ሌሊት እንቁላል የጠበቁ ሰዎች ልፋት ነው።

ያቺ ከባድ ሰውነቷ ውሃ ሲነካት ቀለለ። ሁለተኛው ማዕበል ይዟት ሄደ።

ሥዕሏን ስትሥዪ ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አድርጊው፤ እንደ ጓሮዋ ኤሊ ቅርፊቷ ውስጥ ማስገባት አትችልም። ስትጨርሺ በአክስትሽ ስልክ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ