ከግድቡ እስከ ብየዳ ቤቴ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የኃይል ፍጆታና የኢኮኖሚ ዕድገት አብረው ይሄዳሉ ሲባል እሰማለሁ። አልክድም። ግን ፍጆታው የማን ነው?

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል እኔም እንደ ሰው ጨፍሬያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን የደንበኛ በር ግማሹን በይደን መብራት ሄደ። ከሰዓት ሲመጣም ኃይሉ ወርዶ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረን። ሁለት ልጆች ቁጭ ብለው ዋሉ፤ የቀን ሒሳባቸውን ግን ከፈልኩ። ጀነሬተር እንዳላስነሳ የነዳጁ ዋጋ ትርፌን ይበላዋል። የሰፈራችን ትራንስፎርመር እኮ ቤቱ ሁሉ ሳይሠራ በፊት የተተከለ ነው።

ቢትኮይን የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ለሚያመርቱት የሚሸጠው ኃይልም ፍጆታ ተብሎ ይደመራል። የውጭ ምንዛሪ ማስገኘቱ ጥሩ ነው፤ ያ ሁሉ ማሽን ግን ስንት ሰው ይቀጥራል? ባለቤቴ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዷን አስቀምጣ በማገዶ ትጋግራለች፤ እሱን የሚቆጥር ቆጣሪ የለም።

ስለ አዳዲስ ግድቦች ስትጽፉ ስለ ማከፋፈያ መስመሩም ጨምሩበት። የደንበኛዬ በር እስካሁን አላለቀም።

የብየዳ ቤት ባለቤት፣ ከአዳማ