ልጆቻችን ቪዲዮውን ይሥሩት፣ ፎቶውን ግን ከየት አመጡት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ተማሪዎች የቪዲዮ ውድድር የጻፋችሁትን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ቤት ለሦስት ሳምንት ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረማ! የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ላላነበቡት፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ዋሽንግተን ያለው ፖፑሌሽን ኮኔክሽን የሚባል ድርጅት ነው። የዓለም ሕዝብ መብዛት በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያመጣውን ጫና በ60 ሰከንድ ቪዲዮ አሳዩ፣ መፍትሔም ጠቁሙ ይላል። ስልሳ ሰከንድ! የእኛ አገር ሰው ሰላምታው ብቻ ከዚያ ይረዝማል።

እናንተ ልጆቻችሁን አሳትፉ፣ ለኮሌጅ ማመልከቻም ይጠቅማቸዋል ብላችኋል። ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ አሳትፋችሁ ዞር አትበሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ በሉ።

ልጄ መጀመሪያ የሠራችውን ስታሳየኝ፣ ቪዲዮው የሚከፈተው ዓይኑ ላይ ዝንብ ባረፈበት በአንድ የከሳ ሕፃን ፎቶ ነበር። ከኋላ የሐዘን ሙዚቃ አለ። ከዚያ እስከ 2050 ዓለም ላይ ከሚጨምረው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ የሚጨምረው በስምንት አገሮች ነው የሚል ጽሑፍ ይመጣና አገሮቹ ይደረደራሉ፤ ኮንጎ፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ሕንድ እያለ ይቀጥላል። ጽሑፉ ስህተት የለበትም፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትንበያ ነው። ፎቶውን ከየት አመጣሽው ስላት "ኢትዮጵያ ፖፑሌሽን ብዬ ጉግል ሳደርግ መጣ" አለችኝ። ሕፃኑ ማን እንደሆነ፣ የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ ምንም የለም። የሚገርመው እሷ ራሷ ሁለት ጊዜ አገር ቤት ሄዳለች። አዲስ አበባ ካሉት አክስቶቿ አንዷ አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ሌላዋ ሁለት። ከእነሱ ቤት ሳሎን ይልቅ የጉግሉ ፎቶ ነው ኢትዮጵያ የመሰላት።

ትንሽ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ላፕቶፑን ቀማኋትና ቁጥር ፍለጋ ገባሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ 1.8 ልጅ ነው የምትወልደው። አንድ ትውልድ ራሱን እንዲተካ 2.1 ያስፈልጋል ስለሚባል አዲስ አበባ ከዚያ በታች ናት ማለት ነው፣ ያውም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ሶማሌ ክልል ደግሞ ከሰባት በላይ ነው። በአገር ደረጃ 4.6 ነበር፣ በ2000 ግን 5.5። ታዲያ ይሄን ሁሉ በአንድ የከሳ ሕፃን ፎቶ ማሳየት እንዴት ይሆናል? ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ አንድ ኢትዮጵያዊ ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም፤ ስለ አየር ንብረት ከሆነ ቪዲዮው ካሜራውን እኛ ጋራዥ ውስጥ ወዳሉት ሁለት መኪኖች አዙሪው አልኳት።

ንግግሬን ስጨርስ ዝም ብላ አየችኝና "እሺ፣ ታዲያ ችግር የለም ማለት ነው?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ያዘችኝ። ምክንያቱም ችግር አለ። እኔ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ። የአባቴ መሬት አራት ጥማድ ነበር፣ በሄክታር አንድ ቢሆን ነው። ለሦስት ወንድሞቼ ተከፈለ፤ የእነሱ ልጆች ደግሞ አሁን አድገዋል፣ ምን ሊካፈሉ ነው? ከወንድሞቼ አንዱ ድርሻውን ለሌሎቹ ትቶ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገባ፤ በ2006 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው ሲባረር እሱም በአንድ ፌስታል ልብስ ተመልሶ መጣ። ይሄን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ለምን እንዳልነገርኳት እኔም እንጃ።

በማግስቱ እሁድ ስለነበር እማዬ ጋ ደወልን። ልጄ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ቀጥታ ገባችበት፤ "እማማ፣ ለምን ብዙ ልጅ ወለድሽ?" እኔ ደንግጬ ስልኩን ልወስድባት ስል እማዬ ሳቀች። እማዬ ዘጠኝ ወልዳ ስድስት ነን ያደግነው። "የትኛው እንደሚተርፍ ማን ያውቃል ብለን ነዋ የኔ ልጅ" አለቻት። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይላሉ፤ ያላደገውስ?" ከዚያ ሦስቱን በስማቸው ጠራቻቸው። አንደኛውን ስም እኔም ሰምቼው አላውቅም፣ ከእኔ በፊት የነበረ ነው።

ልጄ ቁጥሩን ራሷ ፈልጋ አገኘችው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በዚያው ጊዜ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ከ100 ከ8 ወደ 36 ደርሰዋል። ይሄ በራሱ የመጣ አይደለም፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተመድባ ቤት ለቤት እየዞረች ስታስከትብና ስታስተምር ነው። የወንድሜ ሚስት ሦስት ወልዳ በቃኝ ብላ ክንዷ ላይ የወሊድ መከላከያ አስቀብራለች፤ እማዬም "ደግ አደረገች" ነው ያለችው። መፍትሔ ጠቁሙ ለሚለው ውድድር ከዚህ በላይ ምን መፍትሔ አለ?

አሁን ቪዲዮው የሚከፈተው በእማዬ ድምፅ ነው፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የከሳው ሕፃን ወጥቷል። ያሸንፍ አያሸንፍ አላውቅም። ገንዘቡ ከሺህ ዶላር በላይ ነው አሉ፣ ብታገኘው አልጠላም።

በመጨረሻ ግን እናንተም እርማት አለባችሁ። ጽሑፋችሁ ላይ "በቆጠራው መሠረት የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው" ብላችኋል። የትኛው ቆጠራ? የመጨረሻው የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። አራተኛው ሲራዘም ሲራዘም ይኸው ሳይደረግ ቀርቷል፣ 120 የምትሉት ግምት ነው። የ1999ኙን እማዬ በደንብ ታስታውሰዋለች። ቆጣሪው ልጅ ስንት ልጅ ወልደዋል ሲላት ዘጠኝ አለችው፣ በሕይወት ያሉትስ ሲላት ስድስት፤ ሁለቱንም መጻፉን ቆማ አይታለች። እርማቱን በሚቀጥለው እትም ብታወጡልን።

አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ