ለሬዲዮ አድማጮች ማኅበራችን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው እሑድ ፒያሳ ተሰብስበን ስለ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ የተላለፈውን ውይይት ስናዳምጥ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ አንድ አባታችን ደብተራቸው ላይ የሚጽፉበት የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ የአህጉሪቱ የፖለቲካ ውሕደት ወዲያው እንዲጀመር ሲሹ፣ በላይቤሪያ ዋና ከተማ ስም የሞንሮቪያ ቡድን የተባሉት አገሮች ግን ደረጃ በደረጃ መተባበርን መርጠው ነበር፤ ይህን ያህል የተራራቁ ወገኖች ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን በአንድ ቻርተር መስማማታቸው ዛሬም ያስደንቀኛል።

ቀጣዩ ውይይት ስለ ባህል በመሆኑ፣ የሚቻላችሁ ሁሉ አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አስቀድማችሁ እንድታዩ እለምናለሁ፤ ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን አፍሪካ በሦስት ክፍል የሚያሳየውን ይህን ሥራ ያየ ሰው፣ የሬዲዮኑን ወግ በዓይነ ሕሊናው ይከተለዋል። ደብተር ይዛችሁ ኑ።