ከቱሉ ዲምቱ፣ ስለ ጆሮዬ ጩኸት

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ ስትደውዪ የማላነሳው ረስቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ ሰው ሲያወራኝ ግማሹ ያመልጠኛል። የሴትና የልጅ ድምፅ ደግሞ ይብሳል። ሥራ ቦታ ፊት ለፊት እያየሁ ከንፈር አነባለሁ፤ ስልክ ከንፈር የለውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው ረዘመ። የሰሞኑ መልእክትሽ ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም። የወንድምሽ ልጅ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞታል አልሽኝ። «እሱም እንዳንቺ ጆሮው ይጎዳ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ።

እኔ በዚሁ በሽታ የታመምኩበትን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ። አጥሚት በፔርሙስ ይዘሽ፣ ማስክሽን አድርገሽ ከበሩ ላይ ትቆሚ ነበር። ያኔ ካናማይሲን የሚባል መርፌ ለወራት ተወግቻለሁ። ሕይወቴን አትርፎልኛል፤ ይህን መቼም አልክድም። ግን ጆሮዬን ጎዳው። ውስጠኛው ጆሮ ላይ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያሻግሩ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። መርፌው እነሱን ይገድላል። ቀድመው የሚሞቱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። አንጎል ደግሞ ከዚያ በኩል የሚመጣው ድምፅ ሲቀርበት ማዳመጡን ያጠነክራል ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ጣቢያ የሌለው ሬዲዮ ድምፁን ሲጨምሩት እንደሚጮኸው ማለት ነው። የጆሮዬ ጩኸት እንዲህ መጣ፤ የኔው ቀጭን ፉጨት ነው። ቀንም ማታም አለ።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ ወዲህ ሌሊቱ ከብዶኛል። ቀን ቀን ግንባታው፣ ወደ አዳማ የክፍያ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና፣ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ጫጫታ ይሸፍኑልኛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። ጎረቤቶቼ ከመሀል ከተማ ወጥተን እፎይ አልን ይላሉ። ለኔ ጸጥታው ሲመጣ የሚቀረኝ ፉጨቱ ብቻ ነው። ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ ከፍቼ እተኛለሁ፤ እሱ በእውነት ይረዳል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በፈረንጆቹ 2018 የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲን ለዚህ በሽታ ከእንግዲህ እንዳይሰጥ መከረ። ቤዳኩዊሊንን የመሰሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ቦታውን ወሰዱ። በ2022 ደግሞ ለብዙዎቹ ታማሚዎች በ6 ወር የሚያልቅ፣ መርፌ የሌለው ሕክምና እንዲሰጥ መከረ። የኔ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አንቺ ታውቂያለሽ! እርግጥ አዲሶቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እግር ሊያደነዝዙ፣ ደም ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ክትትሉን እንዳይተው። ለአንዳንድ ታማሚ አሚካሲን የሚባል የዚያው ዘር መርፌ አሁንም ሊታዘዝ ይችላል። ከታዘዘለት፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊትም ከዚያ በኋላም በየጊዜው የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ይህን ሳትፈሪ ጠይቂ። ለኔ የጠየቀልኝ አልነበረም።

አየሽ፣ ተስፋ አለኝ የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እኔን የጎዳኝ መርፌ ለልጁ ተራ ሲደርስ ቦታውን ለቋል። ይህን የሠራው ምርምር ነው።

የተጎዳውን ጆሮ መመለሱ ግን ገና ነው። ዶሮ እንዲህ ያለ መድኃኒት ጆሮዋን ቢጎዳው ሴሎቹ መልሰው ይበቅሉላታል። ሳይንቲስቶች ይህን ያወቁት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው። በሰው ላይ አይበቅሉም። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ሴሎች በመድኃኒት ለማብቀል ሲሞክሩ ኖረዋል። ኤፍኤክስ-322 በሚባለው ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር። በየካቲት 2023፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሙከራው አልተሳካም ተባለ። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ዜና ሰማሁ። ሌኒር የሚባል የአየርላንድ መሣሪያ የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ። በጆሮ ድምፅ እያሰማ ምላስን በቀላል ኤሌክትሪክ ይነካካል። ጩኸቱን አያጠፋውም፤ የሚያስከትለውን ጭንቀት ግን ለብዙዎች ይቀንሳል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም የራሳቸውን መሣሪያ በ99 ሰዎች ላይ ሞክረው ጩኸቱ ራሱ ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። እነሱ የመረጧቸው መንጋጋ ወይም አንገት ሲያንቀሳቅሱ ጩኸቱ የሚለዋወጥባቸውን ሰዎች ነው። ይህን ሳነብ ጥርሴን ነከስ አደረግኩ። ፉጨቱ ተቀየረ! እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ ማለት ነው። መሣሪያው እኛ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ እጠብቃለሁ። በ2024 ደግሞ ሻንጋይ ውስጥ መስማት ተስኗቸው የተወለዱ 6 ልጆች በጂን ሕክምና ተሞክረው 5ቱ መስማት ጀምረዋል። የነሱ ችግር ከኔ ይለያል። ቢሆንም ወደ ውስጠኛው ጆሮ መድኃኒት ማድረስ እንደሚቻል አይቻለሁ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የምሠራበት ፋርማሲ መጥቶ «የጆሮ ጩኸት የሚያጠፋ ጠብታ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኢንተርኔት ላይ አይቶት ነው የሚመጣው። ጩኸቱን የሚያጠፋ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት እስካሁን የለም። ኩክ ከሆነ ይወጣል፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ይታከማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይመርመር። ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህ ጩኸት አለባቸው ይላል በ2022 የወጣ ጥናት። ይህን ሁሉ ሰው ማታለል ቀላል ነው። እባክሽ ማንም ለልጁ የማይታወቅ ነገር እንዳያመጣለት።

ልጁ የታዘዙለትን መድኃኒቶች ዝርዝር ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ስሞቹን አይቼ የገባኝን እጽፍልሻለሁ፤ የማይገባኝን ለሐኪሙ የምትጠይቂውን አዘጋጅልሻለሁ። ክኒኑን አንድም ቀን እንዳያሳልፍ ንገሪው። ሲያቅለሸልሸው አብራችሁት ተቀመጡ፤ ያንቺ አጥሚት ለኔ ምን እንዳደረገልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ