አባባ፣ እዚህም የገና ጨዋታ የሚጫወት ሰው አገኘሁልዎት

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ዝናብ በዝናብ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ባለፈው በስልክ ስለ አንድ ሰው ጀምሬልዎት መስመሩ ተቆረጠብን። በደብዳቤ ልጨርሰው።

እዚህ ከተማ የመጣሁ ዕለት ከኤርፖርቱ ስወጣ ዱላ የያዘ ሰው ሐውልት አየሁ። የዱላው ጫፍ ቆልመም ያለ ነው። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ይሄ ሰውዬ ገና ነው እንዴ የሚጫወተው?» አልኩ ለራሴ። አገሬ የደረስኩ መሰለኝ።

ክሪስቲ ሪንግ ይባላል። በ1920 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎት) እዚሁ ኮርክ አውራጃ ውስጥ፣ ክሎይን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ጨዋታው ኸርሊንግ ነው። 15 ለ15 ሆነው ይጋጠማሉ። ዱላው አሽ ከሚባል ዛፍ ይሠራል፤ ጫፉ ከገናችን ሰፋና ጠፍጠፍ ይላል። ኳሷ በቆዳ የተሰፋች ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። እንደ ሩራችን መሬት ለመሬት ብቻ አይደለም የምትሄደው፤ አየር ላይ ትቀለባለች፣ እየበረረችም ትመታለች። መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ ነው።

ሪንግ አጥቂ ነበር። ከ1939 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ለኮርክ ተጫውቷል። የመላው አየርላንድን ዋንጫ 8 ጊዜ በልቷል፤ ከሱ በፊት ስምንት ያገኘ አልነበረም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አባባ፣ ሰውዬው የቦቴ ሹፌር ነበር! እንደ እርስዎ ነዳጅ ሲያመላልስ ነው የኖረው። ኸርሊንግ ደሞዝ የለውም፤ ዛሬም የለውም። ደብሊን ባለው ትልቁ ስታዲየም፣ ክሮክ ፓርክ፣ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫውቶ ወደ መሪው ይመለሳል። ይህን ስሰማ የአሰብ መንገድ ትዝ አለኝ። ሌሊት የቦቴዎን ድምፅ ስንሰማ በሩ ላይ እንጋፋ ነበር። ጃኬትዎ ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። አሁንም ማደያ በር ላይ ሳልፍ እርስዎ ይመጡብኛል።

ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካው የተሸነፈበት ቀን ነው። በ1956 ለፍጻሜ ዌክስፎርድ ከሚባል አውራጃ ቡድን ጋር ገጠሙ። ሪንግ 36 ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዘጠነኛውን ይፈልጋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን ይዞ ሰንጥቆ ገባና አክርሮ መታት። በረኛው አርት ፎሊ አዳናት። ወዲያው ዌክስፎርዶች በዚያኛው በኩል ጎል አገቡ። አለቀ። ያኔ ሁለት የዌክስፎርድ ተከላካዮች፣ ኒክ ኦዶኔልና ቦቢ ራካርድ፣ ሲታገላቸው የዋለውን ሪንግን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ከሜዳ ይዘውት ወጡ። አሸናፊዎቹ ተሸናፊውን ተሸከሙት አባባ!

በ1979 መንገድ ላይ ወድቆ በድንገት ሞተ፤ 58 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ላይ የተናገሩት አብሮት ይጫወት የነበረው ጃክ ሊንች ናቸው፤ ያኔ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

የዚያን የ1956ቱን ታሪክ የሰማሁ ማታ ቅልጥምዎ ላይ ያለው ጠባሳ ነው ትዝ ያለኝ። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየነካሁ «ማነው የመታዎት?» ስልዎት «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ይስቁ ነበር። እኔም መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ዝም እላለሁ። የሰውዬውን ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከዚያ በኋላ ተገናኝታችሁ ታውቁ ይሆን? በሕይወት አለ?

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስሙን ይንገሩኝ።

ናፋቂ ልጅዎ