ስለ ቀዩ ዛፍና ከመኪና ላይ ስለተሸጡት ሥዕሎች

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹ አድገው ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ጠፍቼ "እንዴት ከርመሃል" ማለት ያሳፍራል፤ ግን ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁን የምኖረው ፍሎሪዳ ነው፣ ኦርላንዶ አጠገብ። ዕቃ አደርሳለሁ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጬ እውላለሁ። በቴሌግራም ልጽፍልህ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ይሄን ነገር በወረቀት ካልሆነ መናገር አልቻልኩም።

የዛሬ ሦስት ወር ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ሰማያዊ ውሃ፣ ትንሽ አሸዋ፣ ከአሸዋው ዳር አንድ ዛፍ። ዛፉ ቀይ ነው። ቅጠሉ ሳይሆን አበባው ነው የለበሰው፣ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ። አቦ፣ የድሬዳዋ ዛፍ! ከዚራ መንገድ ዳር ያለው፣ አበባው ሲረግፍ አስፋልቱን የሚያቀላው፣ የደረቀ ፍሬውን እንደ ጎራዴ ይዘን የተጋጨንበት። ጥርሴን ረሳሁት። ተነስቼ ሄጄ በጣም ቀረብኩ። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ቀዩ በቢላ ተጠፍጥፎ የተለጠፈ ይመስላል። ፍጥነቱ ይታያል። ሠዓሊው አላመነታም።

እዚያ የምትሠራው ሸምገል ያለች ሴትዮ ስታየኝ መጣች። የሐኪሙ አባት ናቸው የገዙት አለችኝ፣ ድሮ፣ ቢሯቸው ድረስ መጥቶ ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውጥቶ ከሸጠላቸው ጥቁር ሰው። ሲገዙት ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር አሉ። እንዲህ ያሉ ሠዓሊዎች ብዙ እንደነበሩ ነገረችኝ። ስማቸውንም ነገረችኝ፤ ሃይዌይመን። የአውራ ጎዳና ሰዎች ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ለሥራ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ በሄድኩ ቁጥር ፎርት ፒርስ ጎራ እላለሁ፤ ከእኔ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከፊቷ ኢንዲያን ሪቨር የሚሉት ውሃ አለ። ስሙ ወንዝ ይበሉት እንጂ ወንዝ አይደለም፤ በዋናው ባሕርና በየብሱ መካከል የታጠረ ረጅም የጨው ውሃ ነው። ሙቀቱ የድሬን ያህል ነው፣ ግን የእኛ ሙቀት ደረቅ ነው። እዚህ አየሩ ራሱ ላብ አለው። የዘይት ቀለም በዚህ አየር ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንተ ትገምታለህ።

እስቲ ታሪኩን ልንገርህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቢን ባከስ የሚባል ነጭ ሠዓሊ ነበር፣ በ1906 የተወለደ፣ የፍሎሪዳን ሰማይና ውሃ በመሳል የታወቀ። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት የማይማሩበት፣ በአንድ ጠረጴዛ የማይበሉበት ዘመን ነው። የባከስ ስቱዲዮ በር ግን ለማንም ክፍት ነበር። ጃዝ ይከፈታል፤ የመጣ ይገባል። ዛኖቢያ ጄፈርሰን የምትባል የሥዕል መምህርት በጥቁሮቹ ትምህርት ቤት፣ በሊንከን ፓርክ አካዳሚ ታስተምር ነበር። አንድ እጁ የተባረከ ልጅ አገኘችና ወደ ባከስ ወሰደችው። አልፍሬድ ኼር ይባላል። ጊዜው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ልጁ ገና አሥራዎቹን መጀመሩ ነበር።

የዚያን ጊዜ አንድ ጥቁር ወጣት በዚያ አገር ያለው ዕድል ብርቱካን መልቀም ወይም ብርቱካን ማሸግ ነው። ጋለሪ አያስገባውም። አልፍሬድ ከባከስ የተማረውን ይዞ ሌላ መንገድ አሰበ። ባከስ አንድን ሥዕል ጊዜ ወስዶ ይሠራል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እኔ ፈጥኜ ብሠራ፣ በርካሽ ብሸጥ፣ ብዙ ብሸጥ አለ። ሸራ ውድ ስለሆነ አፕሰን ቦርድ የሚባል የቤት ግድግዳ የሚለበድበት ርካሽ ሰሌዳ ገዛ። ለፍሬሙ የኮርኒስ ጠርዝ የሚታሰርበትን እንጨት ቆረጠ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ሰሌዳዎቹን በተርታ አቆማቸው።

እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። መጀመሪያ የሁሉንም ሰማይ ይቀባል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ፣ ያው ሰማያዊ ብሩሹ ላይ እያለ። ከዚያ የሁሉንም ውሃ። ከዚያ ዳር ዳሩን ያለውን መሬት። ዛፉን በመጨረሻ። ሲጨርስ አንድ ሥዕል ሳይሆን አንድ ተርታ ሥዕል ነው የጨረሰው።

ይሄን ስሰማ የት እንደሄድኩ ታውቃለህ። ሽሮ ሜዳ፣ የተከራየሃት አንድ ክፍል። መሬቱ ላይ አምስት ስድስት አቡጀዲ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ላይ የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ 44 ሳጥን። አንተ በጉልበትህ ተንበርክከህ ቀይ ብቻ ትቀባለህ። የንግሥቲቱን ካባ በአንደኛው፣ ከዚያ በሁለተኛው፣ ከዚያ በሦስተኛው። ቀዩ ሳይደርቅ ሁሉንም ለማዳረስ። ነጋዴው ቅዳሜ በጅምላ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ከሥዕል ትምህርት ቤት ልጆች ጋር መጥቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። "ይሄ ሥዕል አይደለም፣ ፋብሪካ ነው" አልኩ። በእነሱ ፊት። ቀና ብለህ አየኸኝና ወደ ቀዩ ተመለስክ። አንድ ቃል አልመለስክልኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፣ ሻይ ጠጥተናል፣ ስሄድም ሸኝተኸኛል። ግን ያ ቃል በመካከላችን እንደቀረ ሁለታችንም እናውቃለን። ዝምታው ከውቅያኖስ የመጣ አይደለም። ከዚያች በር የመጣ ነው።

ልቀጥልልህ። ሃሮልድ ኒውተን የሚባል ሌላ ነበር፣ በ1934 የተወለደ። እሱ ከፋይ ጨርቅ ላይ የሃይማኖት ሥዕል ይሥል ነበር። ባከስ የአገርህን ምድር ሣል አለው፤ ሠማው። እጁ ከሁሉም የተዋጣ ነው ይላሉ፤ እኔም አይቼ አምኛለሁ። ማዕበል ሲሥል ውሃው ከመገልበጡ በፊት ያለችውን ያችን አረንጓዴ ብርሃን ይይዛታል። ቆሜ ያየሁት አንድ ሥዕሉ ላይ ከውሃው በስተጀርባ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ፊቱ ግን ገና ፀሐይ ነው። የዚህ አገር ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ነው። በየቀኑ እነዳበታለሁ፤ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ሜሪ አን ካሮል የምትባል ደግሞ ነበረች፣ ከሁሉም መካከል ብቸኛዋ ሴት። ገና ልጅ ሆና ሃሮልድ ኒውተን መንገድ ዳር ሲሥል አየችው። መኪናው ላይ የእሳት ነበልባል ተስሎበታል። ሄዳ ጠየቀችው፤ አሳያት። ሰባት ልጆች ብቻዋን አሳድጋለች። አንዲት ጥቁር ሴት በዚያ ዘመን ብቻዋን መኪና እየነዳች በማታውቃቸው ነጮች ቢሮ በር ስታንኳኳ አስበው። በ2011 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሚሼል ኦባማ ከእጇ ሥዕል ተቀበለቻት። ምን የሣለች ይመስልሃል? ያንኑ ቀይ ዛፍ። እነሱ ሮያል ፖይንሲያና ይሉታል። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ ለድሬም ለፍሎሪዳም እንግዳ ነው። ግን ሁለቱም ቦታ የራሳቸው አድርገውታል።

አል ብላክን ብታገኘው ደግሞ ትወደው ነበር። እሱ ሠዓሊ ሆኖ አልጀመረም፤ የሌሎቹን የሚሸጥ ሰው ነበር። ያልደረቀ ሥዕል ተደራርቦ በመኪና ሲሄድ ይላጣል፣ ይዝረከረካል። አል ቀለምና ብሩሽ ይዞ የተበላሸውን መንገድ ላይ ይጠግናል። ሲጠግን ሲጠግን መሣል ለመደ። በኋላ ታስሮ እስር ቤቱን በግድግዳ ሥዕል ሞላው።

አንዱ ሥዕል ወደ 25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሞቴል፣ ባንክ፣ ጠበቃ ቢሮ፣ ሐኪም ቤት፣ በየደረሱበት ያንኳኳሉ። የባሕር ዳሩን መንገድ ከላይ እስከ ታች ነድተውታል። በጠቅላላ 200 ሺህ ያህል ሥዕል እንደሠሩ ይገመታል። የሚደንቀኝ ሥዕሎቹ ውስጥ ሰው ብዙም አለመኖሩ ነው። ብርቱካን ለቃሚም የለም፣ "ለነጮች ብቻ" የሚል ታፔላም የለም። ውሃ፣ ዘንባባ፣ ወፍ፣ ሰማይ። አንዳንዱ ይሄን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ያ ባሕር ዳር ለእነሱ የተከለከለ ነበር። እነሱ ግን ከማንም ይበልጥ አውቀውት፣ ሥለው፣ ለከለከላቸው ሰው መልሰው ሸጡለት። የሣሉት ነገር የእነሱ ካልሆነ የማን ነው?

አልፍሬድ ኼር በ1970 ነሐሴ ላይ ፎርት ፒርስ መጠጥ ቤት ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። ሚሊየነር እሆናለሁ ይል ነበር አሉ። ከእሱ በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘ። የሰው ምርጫ ተለወጠ፤ ሥዕሎቹ ከየግድግዳው ወርደው ጓዳ ገቡ፣ በየጓሮ ሽያጩ በሳንቲም ተሸጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጂም ፊች የሚባል የሥዕል ነጋዴ ጽፎ ስም አወጣላቸው። "ሃይዌይመን" ያኔ የመጣ ስም ነው፤ እነሱ በዚያ ስም ተጠራርተው አያውቁም። ሃሮልድ ኒውተን በ1994 ስላረፈ የመጣውን ክብር አላየም። በ2004 የፍሎሪዳ ግዛት 26ቱንም ሠዓሊዎች በአርቲስቶች የክብር መዝገብ አስገባቸው። በ25 ዶላር የተሸጠው ዛሬ በሺዎች ይጠየቃል።

ፎርት ፒርስ ውሃው ዳር በባከስ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ፤ የእነሱም ሥዕሎች እዚያ ተሰቅለዋል። ባለፈው እሑድ ሄጄ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። አንዱ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ፍሬሙ ቀለሙን የነካበት ቦታ አየሁ። ሳይደርቅ ተጭኖ ወጥቷል ማለት ነው። ሰውየው ያን ቀን ገንዘቡን ይፈልገው ነበር። ልጆቹ እራት ይጠብቁት ነበር። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ ወንድሜ። ያ ፋብሪካ አይደለም። የተናገርኩትን ሁሉ እዚያ ቆሜ መልሼ ሰማሁት። እኔ ሥዕል ተምሬ ሥዕል ተውኩ። አንተ ግን በዚያች ክፍል እናትህን ጦርክ፣ እህቶችህን አስተማርክ፣ አንድም ቀን ብሩሽ አላስቀመጥክም። ይቅርታህን እለምናለሁ። በሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፤ ከፈቀድክልኝ በሰው ፊት እነግርሃለሁ።

ስሸኝ ኤርፖርት በር ላይ ጠቅልለህ የሰጠኸኝን ታስታውሳለህ? ዘጠኝ ዓመት ሻንጣ ውስጥ ነበር። እንኳን ልሰቅለው ፈትቼም አላየሁት፤ አላስቻለኝም። ከሙዚየሙ ስመለስ አወጣሁት። ከዚያ የቤት ዕቃ መሸጫ ሄጄ የኮርኒስ ጠርዝ እንጨት ገዛሁ፣ እንደነሱ። በመጋዝ ቆርጬ ጥጉን ለማጋጠም አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። አሁን ከሶፋው በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ነድቼ ስመጣ እያየሁት ነው እራት የምበላው።

ትናንት ማታ መብራት አስጠግቼ አንድ በአንድ ሳጥኖቹን አየሁ። ሠላሳ አንደኛው ላይ፣ ንጉሡ ቀለበቱን ሲሰጣት፣ ከታች ጥግ ላይ ቀይ አሻራ አለ። የአውራ ጣትህ ነው፣ ሰፊ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ያነሳኸው ይመስለኛል። የእኔን ለብቻው ነው የሠራኸው ወይስ ከነዚያ አምስቱ ጋር በተርታ? ጻፍልኝ። ስልኬም አድራሻዬም ፖስታው ጀርባ ላይ አለ።

ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው አብሮ አደግ