«ሁሉንም አጥፉ» ከማለታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ብራውዘር (እንደ ክሮም ያለ የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ከታደሰ በኋላ ኢሜይል አልሠራ ሲል መጀመሪያ ካሹንና ኩኪዎቹን፣ ማለትም ብራውዘሩ ከከፈትናቸው ድረ ገጾች ያስቀመጣቸውን ቅጂዎችና ትንንሽ መረጃዎች፣ በሙሉ ማጥፋት እንደሚገባ የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። በጽሕፈት ሥራ 31 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ይህንኑ ምክር ከሌላ ሰው ሰምቼ እንደተባልኩት ፈጽሜዋለሁና ያደረሰብኝን ሳልነግራችሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ብራውዘሬ ሌሊት ራሱን አድሶ ባደረ ማግስት ኢሜይሌን ከፈትኩ። በግራ በኩል የማኅደሮቹ ስም ይታያል፤ ደብዳቤዎቹ የሚደረደሩበት ቦታ ግን ባዶ ነጭ ነው። አዲስ ደብዳቤ መጻፊያውን ደጋግሜ ብጫነው ንቅንቅ አይልም። ኮምፒውተር ያውቃል ለተባለ ወጣት ደወልኩ። «ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ጊዜውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይበሉት፤ ሳጥኖቹን ሁሉ ምልክት ያድርጉባቸውና ያጥፉ» አለኝ። አጠፋሁ።

ገጹ ያው ነጭ ነው። አሁን ግን ፓስዎርድ ይጠይቀኝ ጀመር። ምልክት ካደረግሁባቸው ሳጥኖች አንዱ ብራውዘሩ ያስቀመጠልኝ ፓስዎርዶች ነበሩና እነሱም አብረው ሄደዋል። ፓስዎርድ ለመቀየር የሚላከው ኮድ ደግሞ የሚደርሰው ከተውኩት ዓመታት ባለፉት ስልክ ቁጥር ላይ ነው። ወደ ኢሜይሌ ለመመለስ 9 ቀን ፈጀብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የኢንተርኔት መስመር በሚጠፋበት ሰዓት ጽፌ መስመር ሲመለስ እንዲላኩ የማስቀምጣቸው ደብዳቤዎች ነበሩኝ። አንደኛው ባለቤቷ ላረፈባት የልጅነት ጓደኛዬ አራት ምሽት ተቀምጬ የጻፍኩት ነው። የደረሱን ደብዳቤዎች ያሉት በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ስለሆነ ብራውዘራችን ላይ ምን ብናጠፋ እነሱን አይነካቸውም። ያለ መስመር ተጽፎ ገና ያልተላከ ደብዳቤ ግን የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ፣ ከኩኪዎቹ ጋር አብሮ በሚጠፋው የድረ ገጽ መረጃ ውስጥ ነው። ይህን የነገረኝ አልነበረም። በጽሑፋችሁም ውስጥ አንድ ቃል አላገኘሁም።

የእህቴ ልጅ መጥታ ችግሩን ያገኘችው አንድም ነገር ሳታጠፋ ነው። የግል መስኮት ከፈተች፤ በክሮምና በኤጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን፣ በፋየርፎክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ነው። እዚያ ውስጥ ፓስዎርዴን ሳስገባ ደብዳቤዎቼ ተደርድረው ወጡ። የግል መስኮት የድሮ ኩኪዎችን አይጠቀምም፤ ኤክስቴንሽን የሚባሉትን ተጨማሪዎችም ካልፈቀድንላቸው በቀር አያስነሣም። ስለዚህ ኢሜይሉ እዚያ ከሠራ ጥፋቱ ወይ ከተጨማሪዎቹ ወይ ከተከማቸው አሮጌ መረጃ ነው። ተጨማሪዎቹን አንድ በአንድ አጥፍታ ስታበራ፣ ከአዲሱ እትም ጋር ያልተስማማው ማስታወቂያ እንዲከለክልልኝ የጫንኩት ሆኖ ተገኘ። እሱን ብቻ አነሣች። ያን ሁሉ ያጠፋሁት በከንቱ ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ቅደም ተከተሉን እንድታስተካክሉ ነው። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር ተጭኖ ገጹን እንደ አዲስ ማስጫን፤ ይህ የተቀመጠ ፓስዎርድም ሆነ ኩኪ አያጠፋም። ቀጥሎ የግል መስኮት። እዚያም እምቢ ካለ ሌላ ብራውዘር ወይም ስልክ ላይ መሞከር፤ በሁሉም ካልሠራ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከሰርቨሩ ነውና ብራውዘሩን መነካካት ዋጋ የለውም። ማጥፋት የግድ ከሆነም በብራውዘሩ ማስተካከያ ገብቶ የዚያን የኢሜይል ድረ ገጽ መረጃ ብቻ ለይቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ያውም ፓስዎርዱ በእጅ መኖሩና ያልተላከ ደብዳቤ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ። ብራውዘሩ ከስልክ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ እዚህ ያጠፉት ፓስዎርድ እዚያም ሊጠፋ ይችላል።

ምልክቱም ይለያያል። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አስቀድሞ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ማየት ነው። ሰዓቱ ልክ ከሆነና መሥሪያ ቤቱ አሮጌ የኢሜይል ሰርቨር የሚጠቀም ከሆነ፣ ታላላቆቹ ብራውዘሮች ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 የተባሉትን አሮጌ የምስጠራ ዘዴዎች መቀበል ማቆማቸውን ማስታወስ ይገባል፤ ይህን የሚያስተካክለው የሰርቨሩ ኃላፊ እንጂ ተጠቃሚው አይደለም። የተቀመጡ ገጾችና ፓስዎርዶች ድንገት ጠፍተው ሲገኙም መደናገጥ አያሻም። ፋየርፎክስ በእ.ኤ.አ. 2019 በወጣው 67ኛ እትሙ በኮምፒውተሩ ላይ ለተጫነ ለእያንዳንዱ የፋየርፎክስ ቅጂ የራሱን ፕሮፋይል (የተጠቃሚው መረጃ የሚቀመጥበት ማኅደር) መስጠት ሲጀምር አንዳንድ ሰው አዲስና ባዶ ፕሮፋይል ተከፍቶለት ነበር፤ አሮጌው ግን ዲስኩ ላይ ነበር።

ወደ አሮጌው እትም ተመለሱ የሚሉም አሉ። አልስማማም። እድሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ ሊደፍን ነው፤ ኢሜይል የሚያክል ነገር በተከፈተ ቀዳዳ ማለፍ የለበትም።

ለጓደኛዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ እንደገና ጽፌ ልኬላታለሁ። ከዘገየ በኋላ ነው የደረሳት፤ የመጀመሪያው ላይ ስለ ባለቤቷ አስታውሼ የጻፍኩትን ሁሉ መልሼ ማግኘት አልቻልኩም። የሚቀጥለው እትማችሁ ከመውጣቱ በፊት ይህ ምክር እንዲታረም እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ጡረተኛ ጸሐፊ